ከምሽጉ ላለመውጣት

አያሌው፣ የኔ ጌታ፣

አንተ በአርማጭሆ ቆላ ከቀረህ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ፊደል ያስቆጠረኝን አባቴን ነፍሱን ይማረውና፣ የሆነውን ራሴ ልጽፍልህ ተቀመጥሁ።

ጣሊያን ትቶት የሄደው ምሽግ ያው እንደምታውቀው ነው። የወታደሩ ቤተሰብ ሁሉ አዳራሹን በጆንያ መጋረጃ ተካፍሎ ይኖራል፤ የአንዱ ሕፃን ሲያለቅስ ሁላችንም እንነቃለን። ልጃችን ትርንጎ በመተኮሻው ቀዳዳ ተንጠልጥላ መንገዱን ታይልህ ነበር። አሁን ትታዋለች።

አርባህ በወጣ ማግስት ሃምሳ አለቃው መጣ። «ክፍሉ የወታደር ነው፤ ባል የሌላት ሴት ትለቃለች» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሴቶቹ ተሰብስበው ለምነው እስከ ፋሲካ አስታገሱልኝ። ግን ወዴት ልሂድ? የአባቴን መሬት ወንድሞቼ ተካፍለውታል። አዘዞ ወርጄ ጠላ ብሸጥ፣ ትርንጎ በሰካራም መካከል ልታድግ ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ ጓደኛህ ካሳ መጣ። ሬሳህን ተሸክሞ ለቤተ ክርስቲያን ያበቃህ እሱ ነው። ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ፣ «ሰማንያ ብናስር ማንም አይነካሽም። ሌላ የምፈልገው የለኝም» አለኝ። ምነው ለእኔ ብለህ ትቸገራለህ ብዬ ብጠይቀው፣ «እናቴንም እንዲሁ አስወጥተዋት ነበር» አለኝ።

ዓመትህ ሳይደርስ ሰማንያ አሰርሁ። እሱ በመጋረጃው በኩል መሬት ላይ ይተኛል፤ እኔና ትርንጎ በአልጋችን። ምን ብዬ ልጥራህ ስትለው፣ «አያ ካሳ በይኝ፤ አባትሽ አያሌው ነው» አላት። ሸጋ ሰው ነው።

የከበደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዘብ ወጥቶ ሲያመሽ እስኪመለስ እንቅልፍ አይወስደኝም። መጀመሪያ ለክፍሉ ስል ነው እያልሁ ራሴን አታለልሁ። አንተን ግን አላታልልህም።

ዛሬ ጠዋት ጦሩ አንተ ወደ ቀረህበት ቆላ ወረደ፤ ካሳም አብሮ። ሴቶቹ የምሽጉ በር ላይ ቆመው ሲሸኙ እኔም ወጣሁ። አምና አንተን እንደሸኘሁህ እጄን ማንሣት አቃተኝ። እሱ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ጉም ዋጣቸው።

አሁን ትርንጎ አጠገቤ ተቀምጣ አያ ካሳ መቼ ይመጣል ትለኛለች። በጸሎቴ እሱንም ማንሣቴ አይቀርም፤ በዚህ አትቀየመኝ። በሕይወት እስካለሁ ግን ያንተን ስም ሳላስቀድም የእሱን አልጠራም።

ሚስትህ