ፓምፑ ሲቆም

ጥር 7፣ ጠዋት
ዛሬም ጭቃ በጭቃ ነኝ፣ ማስታወሻዬ። ልደታ፣ ከአስፋልቱ ዳር የውሃ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው። የኔ ሥራ የቁፋሮውን ጭቃ መመዘን፣ ማወፈር፣ ማቅጠን። ፓምፑ በቧንቧው ውስጥ ቁልቁል ይልከዋል፤ በቧንቧው ዙሪያ ተመልሶ ይወጣል። ከታች ያለውን ውሃ ተጭኖ የያዘው እሱ ነው። ማንም ግን ጭቃን አያመሰግንም።

ጥር 8፣ ምሳ ሰዓት
ፓምፑ ለምሳ ቆመ። ጭቃው ግን መፍሰሱን አልተወም። ዋና ቆፋሪያችን ጋሽ ደምሴ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ነው የሚወጣው ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። አልመሰለኝም። ጭቃው ሲዘዋወር ግድግዳውን እየታከከ ስለሚወጣ ከክብደቱ በላይ ጫና ይፈጥራል። ፓምፑ ሲቆም ያ ጭማሪ ይጠፋል፤ ክብደቱ ብቻ ይቀራል። ክብደቱ ብቻውን አልቻለም፤ ውሃው እየገፋው ነው። ፓምፑን አስነሳን፣ ተረጋጋ።

ጥር 9፣ ጠዋት
ነገ ከተራ! ታቦቱ በደጃችን ያልፋል። ታቦት ሲያልፍ ሞተር ይጠፋል፤ ጋሽ ደ. ነጠላቸውን ሳይቀር አዘጋጅተዋል። አይጥፋ ብል? እኔ የጴንጤ ልጅ! ታቦት ናቀች ለመባል አንድ ቃል ይበቃኛል። ዝም ብል ውሃው ፈንቅሎ ይወጣል፣ ጉድጓዱ ይናዳል፣ መንገድ ሙሉ ሰው አጠገቡ ቆሞ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እዚህ ግን ይንዳል። ፈርቻለሁ።

ጥር 9፣ ከሰዓት
ነገርኳቸው። ቱግ አሉ። «ታቦት እያለፈ ሞተር ላስጮህ፣ ልጄ?» አይ ጋሼ፣ እናጥፋ፤ ግን ጭቃው ያለ ፓምፕ እንዲችል ዛሬ እናክብደው አልኩ። ከብዶ እንደ ወትሮው በኃይል ከዞረ ደግሞ ድንጋዩን ሰንጥቆ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፓምፑ በዝግታ ይሥራ። ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ጓንታቸውን አጠለቁ። የማክበጃውን ዱቄት ስንጨምር ዋልን።

ጥር 10፣ ረፋድ
አጥፍተን ሞከርን። አሁንም ይንጠባጠባል። ዱቄት ጨመርን። ወስኛለሁ፦ ፍሰቱ ካልቆመ ሞተሩ አይጠፋም፤ ያሉትን ይበሉኝ። ጋሽ ደ. ሰሙኝ፣ አልተቆጡም።

ጥር 10፣ ታቦቱ ካለፈ በኋላ
እልልታው ሲቃረብ፣ ከፈሰሰ ወዲያው ሊያስነሱት ተስማምተን፣ ጋሽ ደምሴ ሞተሩን አጠፉ። ሁሉም ወደ ታቦቱ ሰገደ። እኔ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቼ ጭቃውን አያለሁ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት እናት የምሰግድ መስሏቸው «ስለትሽ ይስመርልሽ!» አሉኝ።
ጭቃው አልተነቃነቀም።
አሜን አልኩ። ከልቤ።