የአዴር ጉሌድ ኮርሳ ስንት ዓመቱ ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1998

ስድስት ቆርቆሮ ሰጥቼ አንድ ብስክሌት ተቀበልኩ። ሳስበው ያሳፍረኝ ነበር፤ ተጽፎ ሳየው ይብሳል።

ጅጅጋ ገብቼ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቧንቧ መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዋጋውን የማላውቀውን ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። ዛሬ ገዛሁ።

ያመጡት አዴር ጉሌድ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አዴር»፣ አጎቴ፣ ነው የሚላቸው። አይሻ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተው አሁን እዚህ ከልጃቸው ከሳህራ ጋር ይኖራሉ። ሳህራ ልታገባ ስለሆነ አንድ ክፍል እየጨመሩላት ነው፤ ጣሪያው ላይ ስድስት ቆርቆሮ ጎደለ። ገንዘብ ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ኮርሳ ብስክሌት እየገፉ መጡ። ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ፣ ኮርቻው ቆዳ።

«ይሄ አሮጌ አይደለም፤ የድሮ ነው» አሉኝ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«አሮጌውን ትጥላለህ። የድሮውን ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ይለምንሃል።»

ድሬዳዋ ጋራዥ ያለው ጃፋር የሚባል ደንበኛ አለኝ፤ የድሮ ብስክሌት ይሰበስባል። እሱ ትዝ ባይለኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር። ትዝ አለኝ።

ባለቤቴ ራህመት ብስክሌቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ጣሪያ ሰጥተህ ጎማ አመጣህ?» ብላ ገባች። 

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ብስክሌቱ ርካሽ ከሆነ እኔ ሞኝ ነኝ። ውድ ከሆነ ደግሞ የሽማግሌ ንብረት በስድስት ቆርቆሮ የወሰድኩ ሌባ ነኝ። ሁለቱንም ላለመሆን ዋጋው ልክ ስድስት ቆርቆሮ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ ለእኔ አይገጥመኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ለጃፋር ደወልኩ። «አቦ፣ አርባ ዓመት ካለፈው ቅዳሜ እመጣለሁ። ካላለፈው ለትራንስፖርት አታስወጣኝ» አለ። ስለዚህ ሥራዬ ዕድሜውን ማወቅ ሆነ።

ሱቁን ከፍቼ ብስክሌቱን ገልብጬ አቆምኩት። ያገኘሁት፦

የፋብሪካው ስም የነበረበት ሳህን ወድቋል፤ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።
ማርሹ የሚቀየረው መሪው ላይ አይደለም፤ ታች ብረቱ ላይ ባለች ትንሽ መዘውር ነው።
ቀለሙ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል። ከላይ አረንጓዴ፣ ሥሩ ቀይ፣ ከሁሉም ሥር ውኃ ሰማያዊ።
ከኮርቻው በታች፣ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር፦ 58።

ሃምሳ ስምንት! ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ራህመትን ጠርቼ አሳየኋት።

«በማን አቆጣጠር?» አለች።

በጣቴ ቆጠርኩ። በፈረንጅ ከሆነ አርባ ሰባት ዓመት ነው። በእኛ ከሆነ አርባ።

«ፈረንጅ የሠራውን በእኛ አቆጣጠር አይጽፍም» አልኳት።

«ይሄ ብስክሌት አይሻ ጣቢያ ነው የኖረው። እዚያ የተመታ ቢሆንስ?»

አሰብኩበት። ለጃፋር በፈረንጅ፣ ለአዴር ጉሌድ በእኛ ብነግር ሁሉም ይደሰታል። ለራህመት ስነግራት «ሁለት ዓይነት ሚዛን ያለው ነጋዴ ነው ማለት ነው ያገባሁት» አለች። ሐሳቡን ተውኩት። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ቁጥሩ ዓመት አይደለም።

ጠዋት ለአንድ ደንበኛ ቧንቧ ስለካ ሜትሩ በእጄ ነበር። እንዲያው ከፔዳሉ መሐል እስከ ኮርቻው ሥር ብረቱን ለካሁት። ሃምሳ ስምንት ሳንቲሜትር፤ አንዲት ነጥብ አታንስ፣ አትተርፍ። እኔ ዕድሜ ስቆጥር የነበረው ቁመቱን ኖሯል። አሥራ አራት ዓመት ብረት ለክቼ የሸጥኩ ሰው፣ ብረት ላይ ቁጥር ሳይ መለካት አልታሰበኝም። ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ራህመት ግን ሜትሩን ብስክሌቱ ላይ አየችው። ፈገግ አለች።

ከሰዓት አዴር ጉሌድ ፍየል እየጎተቱ መጡ። የምትታለብ፣ ጥሩ ፍየል ናት። በሩ ላይ አሰሯትና ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው።

«ከድር፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልተኛሁም» አሉ። «አታልዬሃለሁ።»

«ምን አድርገው?»

«የኋላው ቸርኬ የራሱ አይደለም። የራሱ ሲጎብጥ ከሌላ ብስክሌት አውልቄ ነው የገጠምኩት። አልነገርኩህም። ቆርቆሮውን ሳይ ምላሴ ታሰረ። ፍየሏ የቸርኬው ናት።»

እኔ ሌባ ሆንኩ ብዬ ስጨነቅ፣ እሳቸው ሌባ ሆንኩ ብለው ሲጨነቁ፣ ሁለታችንም እንቅልፍ አጥተናል። አልነገርኳቸውም። ፍየሏንም እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ፍየሏ ከመጣች ጀምሮ ራህመት ቅጠል እያበላቻት ነው።

ሊሄዱ ሲነሱ ዕድሜውን ጠየቅኋቸው። ምን ችግር አለው አሉ። ጅቡቲ ካለ ሱቅ አዲሱን ነው የገዙት፤ ሳህራ በተወለደች ሳምንት። ደረሰኙም አለ፤ ሳህራ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ይሄን ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ባቡር ጥሩምባ ነው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ከጁምዓ በኋላ ሳህራ ሱቅ ሄድኩ። ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ እንደ እኔው ዋጋ አታስቀንስም።

«ደረሰኙን ለአንድ ቀን አውሺኝ» አልኳት።

«የትኛውን ደረሰኝ?»

«የኮርሳውን። አባትሽ ጅቡቲ የገዙበትን።»

«ተቃጥሏል።»

«አዴር ሳጥንሽ ውስጥ ነው አሉ።»

«ሳጥኑም ተቃጥሏል» አለች፣ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠች።

ጎረቤቷ ሴትዮ ሳቀች። ሳህራ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማ፣ ከድር። አባቴ ኮርሳውና እኔ በአንድ ሳምንት እንደመጣን ለከተማው ሁሉ ነግሯል። ኮርሳው አርባ ካለፈው እኔ ስንት ሆንኩ ማለት ነው? ሙክታር ምን ይላል?» ሙክታር እጮኛዋ ነው፤ ደገሀቡር መስመር አይሱዙ ይነዳል።

«ስንት ብለሽ ነው የነገርሽው?»

«አንተ ምን አገባህ!»

ጃፋር በስልክ ያለኝ ሌላ ነገር አለ፦ ወረቀት ያለው ብስክሌትና ወረቀት የሌለው ብስክሌት በዋጋ አይገናኙም። ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሳህራ ሳጥኑ ላይ ናት። ተመልሼ ሱቄ ውስጥ ሻይ ጠጣሁ። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ አንድ ነገር ታሰበኝ። ለጃፋር ደውዬ፣ ሲመጣ በመጀመሪያ ምን ማለት እንዳለበት ነገርኩት። ሳቀና «አቦ፣ አንተ ሰው አይደለህም» አለኝ። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ጃፋር አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሰው ተሰብስቦ ነበር። አዴር ጉሌድ ወንበር ላይ፣ ራህመት በር ላይ፣ ሳህራ «ሚስማር ልገዛ ነው» ብላ ከጥግ። ሚስማር አልገዛችም።

ጃፋር ጥሩ አድርጎ መረመረው። ካቴናውን ዳሰሰ፣ ቀለሙን በጥፍሩ ፋቀ፣ የኋላውን ቸርኬ አየና «ይሄ የእሱ አይደለም» አለ። አዴር ጉሌድ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ትናንት እንዳስጠናሁት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አለ።

«ወላሂ፣ ይሄ ብስክሌት ሃምሳ አምስት ዓመት አያንሰውም!»

ሰው ሁሉ ወደ ሳህራ ዞረ።

«ማን ነው ሃምሳ አምስት?» አለች።

«ብስክሌቱ» አልኳት።

«ዓይንህን ተመርመር አንተ ሰውዬ! ሃምሳ አምስት! አባቴ ራሱ ያኔ ፂም አላበቀለም!» ብላ ወጣች። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ለማንም ግን አልሰጠችም። አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፦ ገዢው ብቻ ነው የሚያየው፣ እሱም በጨርቅ ውስጥ።

እዚህ የከብት ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው በጨርቅ ይሸፈናሉ፤ ዋጋ የሚነገረው በጣት ነው፤ ዳር የቆመ ምንም አይሰማም። ዋጋ ሲሸፈን እንጂ ዓመት ሲሸፈን አይቼ አላውቅም። አዴር ጉሌድ ከትከሻቸው ጨርቃቸውን አውርደው ሰጡ። ጃፋር ከነወረቀቱ፣ ከነባትሪው ጨርቁ ውስጥ ገባ። ከውጭ ስናየው የታመመ ሰው በእንፋሎት የሚታጠን ይመስል ነበር።

ሳህራ ጨርቁ ላይ ጎንበስ ብላ «ከአፍህ ከወጣ ድሬዳዋ መጥቼ የጋራዥህን ጎማ ሁሉ አስተነፍሰዋለሁ» አለችው።

«አይወጣም፣ እህቴ» አለ ጨርቁ።

ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። ወረቀቱን አጥፎ በሁለት እጁ መለሰላት፤ ከሽያጩ በኋላ ግን ለእሱ እንዲሆን ለመናት። ለብቻው ቆልፎ ሊያስቀምጠው ማለ። እሺ አለች።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ጨርቁ ተዘርግቶ ነበርና እኛም በጨርቁ እንነጋገር አልኩ። ሰው አጉረመረመ፤ ራህመት በጣም አጉረመረመች። ጃፋር የከብት አገር በሆነችው በኤረር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ጣት ያውቃል። ብስክሌት በጣት ተሸጦ ስለማያውቅ «አንድ ጣት የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ» ብለን ተስማማን። ሰባት ጣት ብሎ ጀመረ። እጁን መልሼ ጨበጥኩት። አሥር አለ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ። እጁ ላበው። አሥራ አራት ላይ ቆምን።

አሥራ አራት። ለማንም አልተናገርኩም። ራህመት ጣቶቼን እያየች ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ሞኝ አይደለሁም። ሌባ መሆኔ ግን ተረጋገጠ፤ አሥራ አራት የሚያወጣውን በስድስት ነው የወሰድኩት። ጠዋት ከስምንቱ ትርፍ አራቱን ጋሪ ላይ ጭኜ አዴር ጉሌድ ቤት ወሰድኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የብስክሌቱ ቀሪ ድርሻ። ዋጋው ካሰብኩት በለጠ።»

ቆርቆሮውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ስለዚህ አላታለልኩህም?»

«አላታለሉኝም።»

«እንግዲያው ፍየሌን መልስ።»

ተመልሼ ፍየሏን ልፈታ ስል ራህመት በሩ ላይ ቆመች። «ቆርቆሮህን የፈለግኸው ቦታ ውሰድ፤ ፍየሏ የትም አትሄድም።» ለአዴር ነገርኳቸው። ጢማቸውን አሹ። ፍየል በቆርቆሮ ሲመነዘር ስንት እንደሆነ ተከራከርን፤ እሳቸው ሁለት አሉ፣ እኔ ግማሽ አልኩ፣ አንድ ላይ ጨረስን። ከሱቅ አንድ ጨምሬ በጠቅላላው አምስት ቆርቆሮ ሰጥቼ ወጣሁ። አዴር ጉሌድ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። «ዛሬ እተኛለሁ» አሉኝ።

እኔም ቀለል አለኝ። ሦስት ቆርቆሮና አንድ ፍየል አተረፍኩ፤ የሽማግሌ ዕንባ አላተረፍኩም።

በጋሪ የሄዱትን አምስት ቆርቆሮ ግን ገበያው ቆጥሯል። ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱ በሃምሳ ቆርቆሮ ተሸጠ ተባለ። እስከ ማታ አራት ሰው አሮጌ ብስክሌት እየገፋ መጣ። አንዱ መሪ የለውም። «የድሮ ስለሆነ ነው» አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

የሳህራ ጣሪያ አለቀ። ከሱቄ በር ሆኜ ሲያበራ ይታየኛል።

አሥር ሰዓት ላይ እጮኛዋ ሙክታር አይሱዙውን በሩ ላይ አቁሞ ገባ። አንድ ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር ጠየቀ። ጣሪያው ማለቁን ያውቃል። ሚስማሩን መዝኜ ሰጠሁት፤ አልሄደም። ቧንቧ ነካ፣ ማጠፊያ ነካ።

«ዋርያ ከድር፣ ያ የአዴር ኮርሳ ተሸጠ አሉ።»

«ተሸጠ።»

«እንዲያው… ስንት ዓመቱ ነበር?»

ወረቀቱን አላየሁም፤ ጨርቁ ውስጥ የገባው ጃፋር ብቻ ነው። ግን ከገዢው ላብ ዓመቱን መገመት አይከብድም። በነጋዴነቴ ዕቃ ከዕድሜው በላይ አድርጌ አውርቼ ይሆናል፤ አሳንሼ ያወራሁት ዛሬ ነው።

«ሠላሳ አይሞላውም» አልኩት።

ሙክታር ትንሽ አሰበ። ጣቶቹ ኪሱ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ እየቆጠረ ነው። ከዚያ «እሺ» ብሎ ሚስማሩን ይዞ ወጣ። የተደሰተም፣ የተከፋም አይመስልም።

እሷ ስንት ብላ እንደነገረችው ሳልጠይቅ ነው የመለስኩት። ሃያ ስምንት ብላው ከሆነ ደህና ነን። ሠላሳ ሁለት ብላው ከሆነ ግን አዛኝ መስዬ ውሸታም አድርጌያታለሁ። ነገ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ሄጄ እጠይቃታለሁ። ራህመትን ይዤ ነው የምሄደው፤ ሳህራ በሰው ፊት ብዙ አትመታም።