ከግድግዳው የቀረችው ቃል

ወንድም ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከንዴት በስተቀር ደህና ነኝ።

ስፌት ቤታችን የማኅበር በነበረ ጊዜ፣ ፈጣሪ የለም የሚለው ሊቀመንበር ግድግዳው ላይ «የማይሠራ አይብላ» ብሎ አጽፎ ነበር። አሁን ቤቱን የገዛው ባለሀብት ጸሎት ሳያደርስ ማሽን አያስነሳም። ግድግዳውን ሲያስቀባ ግን ጽሑፉን አልነካም፤ ከበላዩ መስቀል ብቻ ጨመረበት።

ትናንት አጠገቤ የምትሰፋውን አሮጊት፣ እግሯ አብጦ ፔዳሉን አዘገየች ብሎ ሲያሰናብታት ጣቱን ወደዚያ ጽሑፍ ቀሰረ። ደሜ ፈላ።

«ጌታዬ፣ ሐዋርያው ያለው ‹ሊሠራ የማይወድ አይብላ› ነው። እሷ መቼ አልወድም አለች?» አልኩት።

«አንቺ መጀመሪያ ስፌትሽን አቅኚ» አለኝ።

ሊቀመንበሩስ ያቺን ቃል ቢዘላት አይፈረድበትም፣ አያውቃትም። ይሄ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ የሚዞረው ምን ይባላል? እርስዎ ታገሺ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትዕግሥት የተሰበከው ለድሃ ብቻ ነው እንዴ?

ስፌቴ የሚጣመመው መብራቱ ደካማ ስለሆነ ነው። መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝም ያቺው አሮጊት ነበረች።

ልጆቹን ይሳሙልኝ። መልስዎን በትልልቅ ፊደል ይጻፉልኝ፣ ለወረቀት አይሳሱ።

ታናሽ እህትዎ