የእቃ ማጠቢያው ቁመት

ድንቢጥ እህቴ፣

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ስለሆነ ተቻኩዬ ነው የምጽፍልሽ። ግንበኛው ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። አደራሽን፣ እንደ ባለፈው "ደስ እንዳለህ አድርገው" እንዳትዪው! ደስ ሲለው የሳሎኑን መስኮት ደፍኖት አረፈ።

ዛሬ የወጥ ቤቱን እቃ ማጠቢያ ያፈርሰዋል። አትደንግጪ፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። "ገና ሳይደርቅ!" ብሎ ያጉረመርማል፤ አትመልሺለት።

ሰውዬው መቼም በሜትር አያምንም፤ ማጠቢያ የሚሠራው በቤቱ እመቤት ክርን ልክ ነው። ሊሠራው የመጣ ቀን "እመቤቲቱ የትኛዋ ናት?" ሲለን እኔ ቀድሜ ፊቱ ተገተርኩ።
አንቺም አጠገቤ ነበርሽ።

ከዚያ ወዲህ በርጩማ ላይ ወጥተሽ ሳህን ስታጥቢ ባየሁሽ ቁጥር እስቃለሁ። ትናንት ግን በርጩማውን እየጎተትሽ "ለነገሩ ቤቱ ያንቺ ነው" ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ሬዲዮውን ከፍ ያደረግኩት ያልሰማሁ ለመምሰል ነው።

ዛሬ በአንቺ ክርን ይለካል። ጫማሽን አውልቂ። ደግሞ ረጅም ለመምሰል እንዳትንጠራሪ፣ አውቅሻለሁ!

ለእኔ አታስቢ፤ ጎንበስ ብዬ አጥባለሁ።

በርጩማውን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ፤ አትፈልጊው።

ቀጭኔሽ