ቅርጫት ውስጥ ያለው ሳሙና

እሜቴ፣

የስፌት ሥራዬ ረፍዶብኛል፣ ባጭሩ ልጻፍልሽ።

ትናንት አብረን በምንኖርበት ቤት፣ አክስትሽና ጓደኞችሽ ፊት ያጠራቀምኩትን የሳሙና ቁርጥራጭ ከነጣሳው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገለበጥሽው። «የኛ ልብስ ሰፊ ቆሻሻ እንኳ ለመጣል ትሰስታለች» ብለሽ ቤቱን በሳቅ አፈረስሽው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ወዲያው ግን አክስትሽ እጃቸውን ታጥበው «እንዲህ ጥሩ የሚሸት ፈሳሽ ሳሙና ከየት አገኘሽ?» ሲሉሽ፣ ዓይንሽን ሳታሺ «ከውጭ አስመጥቼ ነው» አልሻቸው። እንደዚያ ካለ ቁርጥራጭ እኔ እንደሠራሁት እያወቅሽ!

ዛሬ ጠዋት አክስትሽ ደወሉ። አንቺው ራስሽ ከቁርጥራጭ እንደምትሠሪው ነገርኳቸው። ኮሩብሽ። ከሰዓት በኋላ ጓደኞችሽን ሰብስበው ይመጣሉ፣ አሠራሩን ልታሳዪያቸው።

ስለዚህ ልብ ብለሽ አንብቢ።

ቁርጥራጩን በካሮት መፈቅፈቂያው ፈቅፍቂው።
ውኃ ጨምረሽ በመጠነኛ እሳት እስኪሟሟ አማስዪው። ጥለሽው ከሄድሽ ይገነፍላል።
ሲቀዘቅዝ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጪው።

ሌላ ቁርጥራጭ ቤት ውስጥ የለም። ቅርጫቱን አልደፋሁትም፣ ከዚያው ልቀሚ። ከሥሩ የትናንቱ የምግብ ትራፊ አለ።

ይቅርታ ልልሽ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

እንግዶቹ ሳይመጡ ማልቀስ ካማረሽ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ቧንቧውን ክፈቺው። የለቅሶ ድምፅ አያሰማም። ትናንት አንቺም አልሰማሽኝም።