ከመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ በላይ ስለተሰቀለው ፎቶግራፌ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የአስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ወገብዎ እንዳይዝል፣ እንቅልፍዎ እንዳይቆራረጥ፣ ወንበርዎም እንደተመቸዎት እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ምድር ቤት ባለው መዝገብ ቤት፣ መስኮቱ በማይከፈተው ክፍል፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ሃያ ስድስት ዓመት የቆየሁት አገልጋይዎ ነኝ። በመልክ ባያስታውሱኝም፣ ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ አጠገብ፣ የወንዶች መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ከሚንጠለጠልበት ምስማር በላይ፣ «ምስጉን ሠራተኛ» በሚል ጽሑፍ ሥር ፈገግ ብዬ የተሰቀልኩት እኔው ነኝ። ይህንን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ለእርስዎ ያለኝን ምስጋና በሆዴ ይዤ መቅረት ነውር ስለመሰለኝ ነው።

1ኛ. በቅድሚያ የማመሰግነው ስለ ቁልፉ ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ ሁለት ሳሙና ጠፋ በተባለ ማግስት በሩ እንዲቆለፍ፣ ቁልፉንም ማንም ኪሱ ከትቶት እንዳይሄድ ክንድ ከሚያህል እንጨት ጋር እንዲታሰር፣ የሚወስደውም ሰው የወጣበትን ሰዓት፣ የተመለሰበትን ሰዓትና «ምክንያት» የሚለውን ዓምድ ሞልቶ እንዲፈርም ማዘዝዎ የአርቆ አሳቢነትዎ ምስክር ነው። ሰው ወደዚያ ቤት የሚሄድበት ምክንያት ሥፍር ቁጥር ስለሌለው መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሾፌራችን እስከ ዛሬ «ለአስቸኳይ ስብሰባ» እያለ ይፈርማል፣ ቃለ ጉባኤ አምጣ ያለው ግን የለም።

2ኛ. የእኔን ምክንያት ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ባለፈው ዓመት ፕሮስቴት የሚሉትን እጢ በቀዶ ጥገና ካወጡልኝ ወዲህ ሽንቴ የእኔን ፈቃድ መጠየቅ ትቷል፤ ሳስል ያመልጠኛል፣ ካርቶን ሳነሳ ያመልጠኛል፣ ከወንበሬ ብድግ ስልም ያመልጠኛል። ስለዚህ ፓድ አደርጋለሁ። የክሊኒኩ ሲስተር፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ «አባቴ፣ ሲረጥብ ቶሎ ይቀይሩ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥበው ሳይፈትጉ ያድርቁ፣ ቅባቱን በስሱ ይቀቡ፣ ደግሞ ውሃ መጠጣት እንዳይቀንሱ» ብላ አዝዛኛለች። ትእዛዟን ልፈጽም ብል በቀን ስምንት ጊዜ መዝገብዎ ላይ መፈረም ነበረብኝ፤ አንድ ሳምንት ሞከርኩትና የሂሳብ ክፍል ሰዎች ገጹን እየገለጡ «ይሄ ሰውዬ እዚያ ቤት ተከራይቷል እንዴ?» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ዝም አይነቅዝም ብዬ ቁልፉን ተውኩት። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የሚባል ነገር አልቀምስም፤ የረጠበውን ፓድ እስከ መውጫ ሰዓት እንዳደረግኩት እውላለሁ፤ ወንበሬ ላይ ላስቲክ አንጥፌ በላዩ ያረጀ ሹራብ ጣል አድርጌያለሁ። ውሃ የነፈጉት ሽንት ግን ለካ ቂመኛ ነው፤ እየወፈረ መጥቶ ብሽሽቴን አቃጠለው፣ ቀላ፣ ተላጠ፣ አሁን ሱሪ በነካው ቁጥር እንባዬ ይመጣል። እግሬን ከፈት አድርጌ ስራመድ ያዩኝ ባልደረቦቼ ወፈርክ አሉኝ፤ አዎ፣ ምቾት ነው አልኳቸው።

3ኛ. ስለ አይጦቹም ላመሰግን ይገባል። መዝገብ ቤቱ ይሸታል የሚል አቤቱታ ሲደርስዎ፣ አንድም ሰው ሳይጠይቁ የአይጥ ሽንት ነው ብለው በሁለት ቀን ውስጥ መርዝ አስበተኑ። እኔም ከጎንዎ ቆሜ «አዎን ጌታዬ፣ አይጥ በዝቷል» አልኩ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አምቼ ይሆናል፣ አይጥ ሳማ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

4ኛ. ይህንን ለመጻፍ እንኳ አፍራለሁ፣ ግን ዋናው እሱ ነው። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የቁልፉ መዝገብ ሲመረመር፣ ከወንዶች ሠራተኞች ሁሉ በመጨረሻው ስድስት ሳምንት አንድም ጊዜ ሥራውን ጥሎ ያልወጣ ብቸኛው ሰው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። አዳራሹ ሞልቶ፣ የፊት ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀምጠውኝ፣ «ከወንበሩ ንቅንቅ የማይል» ብለው አወደሱኝ፤ እውነትዎን ነው፣ ብንቀሳቀስ ኖሮ ወንበሩ ይመሰክርብኝ ነበር። ወደ መድረኩ የወጣሁት ኮቴን በእጄ ይዤ፣ ከፊቴ ጋርጄ ነው፤ የምስክር ወረቀቱንም ስቀበል ያጎነበስኩት ከትሕትና የመሰላቸው አጨበጨቡልኝ። በማግስቱ ፎቶግራፌን ከቁልፉ በላይ አሰቀሉት፣ ከሥሩም «እንደ እሱ እንሁን» የሚል አጻፉበት። አሁን ያንን ቁልፍ ለማንሳት እጄን ብዘረጋ መጀመሪያ የሚያየኝ የገዛ ፊቴ ነው። ብዙ ቤት ተቆልፎብኝ ያውቃል፣ በገዛ ስሜ ተቆልፎብኝ ግን አያውቅም።

ባለቤቴ ጨርቄን ስታጥብ ደም አየችና «ሰው ምን ይለኛል ስትል ቆዳህ አለቀ እኮ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችኝ። ሲስተሯ ደግሞ ቁስሉ ማመርቀዝ መጀመሩን አይታ፣ አንድ ወር እንዲህ ከቀጠልኩ ተኝቼ መታከም ግድ እንደሚሆንብኝ ነገረችኝ። ምስጋናዎን አክብሬ ልሙት ወይስ አዋርጄው ልዳን ስል ሦስት ቀን አሰብኩ፤ ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምለምነው ጥቂት ነው። ፎቶግራፌ ይውረድልኝ። «ምክንያት» የሚለው ዓምድ ይሰረዝ። በሴቶቹ ክፍል እንዳለው ሁሉ በወንዶቹም ክፍል ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ይቀመጥ፤ የተጠቀምኩበትን ፓድ በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ በቦርሳዬ ይዤ ስወጣ፣ ፋይል እንዳልሰርቅ ቦርሳ የሚፈትሸው የበር ጥበቃ አንድ ቀን ከፍቶ አይቶት፣ መልሶ ቋጥሮ «በሰላም ይግቡ ጋሼ» ብሎኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬን ፈትሾ አያውቅም። እዚህ ግቢ ውስጥ መመሪያ የጣሰልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የሚቀጥለውን የምስክር ወረቀት ለእሱ ቢሰጡልኝ ደስታዬ ነው። ልመናዬ ቢታይም ባይታይም ከነገ ጠዋት ጀምሮ ቁልፉን እወስዳለሁ፣ ምክንያቱንም በሚነበብ ጽሑፍ እጽፋለሁ።

ለሰጡኝ ክብር ሁሉ፣ በተለይም ለተቀመጥኩበት፣ እጅ እየነሳሁ፣ የማይነቃነቀው ታማኝዎ፣

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ በክሊኒኩ የወንዶች የሽንት ሕክምና ወረፋ ላይ አንድ የተከበሩ ሰው ካርድ አውጥተው ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ስገባ አይተውኝ፣ ተራቸው ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀር፣ በጓሮ በር ሳይታከሙ ሄዱ። ሲስተሯም ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠርታ ካርዱን መለሰችው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እንደዚያ ዓይነት መዝገብ የምይዘው እኔ አይደለሁም። ምናልባት የሚያውቋቸው ከሆነ ግን፣ ቀኔን ወደ ሐሙስ አዛውሬያለሁና ማክሰኞ ሳይሳቀቁ ይምጡ ብለው ይንገሩልኝ።