ስለ መምህርት ጥሩሸዋ አፈወርቅ ዕረፍትና ገና ስላልተነገረው መርዶ

የአምባዬ አፀደ ሕፃናት መምህርት የነበሩት ወ/ሮ ጥሩሸዋ አፈወርቅ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ለሕክምና በመጓዝ ላይ ሳሉ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በ41 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። መላው የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ በዕረፍታቸው እጅግ አዝኗል፤ ደንግጧልም።

መምህርት ጥሩሸዋ የቀየት ተወላጅ ነበሩ። በኮሌጅ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቢከታተሉም በ2009 ዓ.ም. ዘመሮ ተመድበው ሲመጡ የተሰጣቸው ፊደል ማስቆጠር ነበር። የምልክት ቋንቋ ችሎታቸውን የሚፈልግ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. የነጋዴው የአቶ ጀላሉና የወ/ሮ ሲዲቃ ልጅ፣ መስማት የተሳናት ራኒያ፣ ተመዘገበች። መምህርት ጥሩሸዋ የሚያጫውታት ልጅ ከሌለ ለእርሷ ብቻ ማስተማር ምን ይረባታል ብለው የሚሰሙትን ሕፃናት በሙሉ የምልክት ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ።

ወላጆች ፈሩ። ልጅ በእጁ ማውራት ከለመደ አንደበቱ ይተሳሰራል ብለው ልጆቻቸውን ሊያስወጡ የመጡ ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን በወላጆች በዓል ሕፃናቱን በአፍም በእጅም አዘመሯቸው። ያን ዕለት ወላጅ ሁሉ እፎይ አለ። በ2017 ዓ.ም. በገመድ ዝላይ ተራ የምታስጠብቀው ራኒያ ነበረች፤ ያጭበረበረውን ሁሉ በእጇ ትቆጣ ነበር።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ቆሞ እንደነበር የገባን አሁን ነው። በወጋችን መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው። እነርሱም እንደ ደንቡ ማልደው አቶ ጀላሉ ቤት ሄደው ነበር፤ ግን ለራኒያ በምን ቋንቋ ይንገሯት? እናት አባቷ በእጅ ምልክት ከ«ብዪ»ና ከ«ተኚ» አያልፉም፤ እኛም ከእነርሱ አንሻልም። ከዞን እንዲላክልን የጠየቅነው ባለሙያ እስካሁን አልደረሰም። ራኒያ በየጠዋቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ መምህርቷን ትጠብቃቸዋለች። ትታኝ ሄደች ብላ ተስፋ እንዳትቆርጥ እንፈራለን።

ስለዚህ አስተዳደሩ ከወላጆችና ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ፣ ሌላ መላ ቢያጣ፣ የራኒያ የቅርብ ጓደኛ የሆነችው የስድስት ዓመቷ ቤተል መርስዔ ኃዘን ሰኞ ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ጋር እንድትሄድ ወስኗል። እግዚኦ! ሕፃንን መርዶ ነጋሪ ማድረግ ምንኛ ያስፈራል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ዓምደሚካኤል፣ ለልጃቸው ለሐና፣ ለዘመድ ወዳጅና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን፤ የእሳቸውንም ነፍስ ይማርልን።

ቤተል እሺ ብላለች። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቲቸር ሞተች» በእጅ እንዴት ነው የሚባለው? መምህርት ጥሩሸዋ ይህን ቃል ለሕፃናቱ አላስተማሯቸውም ነበር። ከመካከላችን የሚያውቀው የለም።

የአምባዬ አፀደ ሕፃናት
ዘመሮ